በአርዱይኖ የሠራሁት የከበሮ ሲኩዌንሰር ምቱ ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ በ16 ቁልፎችና በ16 ትንንሽ መብራቶች የከበሮ ሲኩዌንሰር፣ ማለትም የተመረጡ ምቶችን በቅደም ተከተል እየደጋገመ የሚያስመታ መሣሪያ ሠርቻለሁ። ትእዛዙ በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች ትእዛዝ በሚለዋወጡበት ሥርዓት) ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። ፍጥነቱን በደቂቃ 120 ምት ላይ ሳደርገው ቁልፍ በነካሁ ቁጥር ይዘገያል፤ ባልነካውም እንኳ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከኮምፒውተሩ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ) ይለያል። በእርምጃዎቹ (እያንዳንዱ ቁልፍ በሚወክላቸው የምት ቦታዎች) መካከል 125 ሚሊሰከንድ የሚያስጠብቀው «ዲሌይ» የተባለው ትእዛዝ ነው። ከዚህም ሌላ ችክችካ ልሠራበት ብሞክር በ16 እርምጃ ላይ አልገባ አለኝ። የሞከረ ሰው ቢያስረዳኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ስሌትዎ ትክክል ነው፤ በአንድ ምት ውስጥ 4 እርምጃ ስላለ፣ የአንድ ደቂቃ 60,000 ሚሊሰከንድ ለ120 ከዚያም ለ4 ሲካፈል 125 ይመጣል። ጥፋቱ ያለው ዲሌይ ላይ ነው። ቁልፎቹን ለማንበብ፣ መብራቶቹን ለማብራትና ሚዲውን ለመላክ የሚፈጀው ጊዜ ሁሉ ከ125ቱ በላይ ይጨመራል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢጨመር እንኳ በደቂቃ 480 እርምጃ ስላለ ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ዲሌይን ጨርሰው ያውጡትና «ማይክሮስ» በሚለው ትእዛዝ ሰዓቱን ደጋግመው እያነበቡ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ወደ ቀጣዩ እርምጃ ይለፉ። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይህን ነው፦ የቀጣዩን እርምጃ ሰዓት ሲያሰሉ 125,000 ማይክሮሰከንዱን (ያው 125 ሚሊሰከንድ ነው) የሚደምሩት አሁን ባነበቡት ሰዓት ላይ ሳይሆን ያለፈው እርምጃ መምታት በነበረበት ሰዓት ላይ መሆን አለበት። እንዲህ ካደረጉ አንዱ ምት ጥቂት ቢዘገይም ቀጣዩ ቦታውን ይይዛል።

መልስ 2፦
ስለ ቁልፎቹ ልጨምር። ቁልፍ ሲጫኑት ውስጡ ያለው ብረት ለጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱ ጭነት ብዙ መስሎ ይነበባል፤ ይህን ለመከላከል ሌላ ዲሌይ ጨምረው ከሆነ ሲነኩት የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁልፉ የተለወጠበትን ሰዓት ይመዝግቡና 20 ሚሊሰከንድ ሳይለወጥ ከቆየ ብቻ ይቀበሉት። ደግሞም በሚዲ ገመድ አንድ ምት ለመላክ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፣ ሦስት ድምፆች አንድ እርምጃ ላይ ሲገናኙ ወፍራሙን ከበሮ አስቀድመው ይላኩት፤ ጆሮ ቶሎ የሚያውቀው የእሱን መዘግየት ነው።

መልስ 3፦
ችክችካ በ6/8 (በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ የምት ዙር፣ ስድስት አጫጭር ምት እየተቆጠረ) የሚሄድ ስለሆነ 16 እርምጃ አይስማማውም፤ ሲያስገድዱት ለዛውን ያጣል። 12 እርምጃ ያድርጉት። የሚዲ ሰዓት (መሣሪያዎች ፍጥነታቸውን የሚያስተካክሉበት ምልክት) ለአንድ ምት 24 ጊዜ ይቆጥራል፤ በ16 እርምጃ ሲሄዱ በየ6 ቆጠራው፣ በ12 ሲሄዱ ደግሞ በየ8 ቆጠራው ቢራመዱ ሁለቱም 96 ላይ ይገጥማሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይለውጡ ሁለት የ6/8 ባር በአንድ የ4/4 (የአራት ምት) ባር ውስጥ ልክ ይገባሉ። በማይክሮስ ከቆጠሩ በ120 ምት ፍጥነት የአንዱ እርምጃ ርዝመት 166,667 ማይክሮሰከንድ ይሆናል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁልፎቹን በሚያነበው ክፍል ውስጥ የረሳሁት የ50 ሚሊሰከንድ ዲሌይ ተገኘ። እሱንም ዋናውንም አውጥቼ ከሜትሮኖሙ ጋር ባስኬደው እንደ በፊቱ አልተለየም። ችክችካውም በ12 እርምጃ ገባ፤ ትርፍ የሆኑት አራት ቁልፎች አሁን ከበሮውንና ጭብጨባውን መምረጫ ሆነዋል።