ይህችን የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር የት ላስገባት?

ሐረር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። በግንብ ስለታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ስለ ጀጎል፣ ለእንግዶች የሚታደል የአንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። መረጃው ሞልቷል፤ ግንቡ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ፣ ሁሉም ገብቷል። የጎደለው አንባቢ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀር አነጋገር ነው።

መጀመሪያ "ሂደን ጀም" (የተደበቀ ዕንቁ) ብዬ ከፈትኩ። የትኛውም ከተማ እንዲሁ ስለሚባል አወጣሁት። ቀጥዬ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ደረደርኩ፦ "ሂስትሪ፣ ሃይናስ፣ ሆስፒታሊቲ" (ታሪክ፣ ጅቦች፣ እንግዳ ተቀባይነት)። ለጆሮ ይጥማል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዋ የሆነ አንዲት እንግዳ ግን አንብባ "ማስታወቂያ ይመስላል" አለችኝ። እውነቷን ነው።

አሁን በእጄ ያለችው ይህች ናት፦ "ዘ ዎል ሃዝ ጌትስ ፎር ፒፕል ኤንድ ሆልስ ፎር ሃይናስ" (ግንቡ ለሰው በር፣ ለጅብ ቀዳዳ አለው)። ግንቡ ሥር ጅቦች ማታ ማታ የሚሾልኩባቸው ቀዳዳዎች በእርግጥ አሉ፤ ለዚህ ነው በጣም የወደድኳት። አጭር ናት፣ ሚዛን አላት፣ ከሐረር ውጪ ለየትም ከተማ አትሆንም።

ችግሩ ቦታዋ ነው። መክፈቻ ሳደርጋት ከሷ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ይቀዘቅዝብኛል። መጨረሻ ሳደርጋት ደግሞ እስከዚያ የሚያነብ እንግዳ ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛ መጻፍ የለመዳችሁ፣ እንዲህ ያለች አረፍተ ነገር በአንድ ገጽ ውስጥ የት ብትገባ ይሻላል?