4294967297 ፕራይም ነው አይደለም? እርዱኝ

ጀማሪ ኮደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። 4294967297 የሚል ቁጥር ተሰጥቶን ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው) መሆን አለመሆኑን፣ አካፋዮቹንም ከነድምራቸው አውጡ ተብለናል። ጎዶሎ ነው፣ የአሃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ ለ3 አይካፈልም፣ በእጄ እስከ 200 ድረስ ሞክሬ ሰለቸኝ። ከዛ አጭር ኮድ ጻፍኩ። 2ን ከቁጥሩ በ1 በሚያንስ ርቢ ከፍ አድርጎ ለቁጥሩ ያካፍላል፣ ቀሪው 1 ከሆነ «ፕራይም» ይላል። 1 መጣ! ጓደኛዬ ግን አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ማናችን ነን ልክ?

ቁጥር አሳዳጅ፦
ጓደኛህ። 641ን በ6700417 አባዛ፣ ራሱ ይመጣል። ሁለቱም ፕራይም ስለሆኑ አካፋዮቹ አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6700417 እና ራሱ ቁጥሩ። ድምራቸው 4301668356። ራሱን ስታወጣው 6701059 ይቀራል፣ ከቁጥሩ በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ዴፊሸንት ከሚባሉት ይመደባል። ፍጹም ቁጥር ቢሆን እኩል ይመጣ ነበር፣ 6 ከ1፣ 2 እና 3 ድምር ጋር እኩል እንደሚሆነው።
ደግሞ አትፈር፣ የሒሳብ ሊቁ ፌርማም ተሸውዷል። ቁጥሩ 2 በ32 ርቢ ሲደመር 1 ነው። ሰውየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ፕራይም መሆናቸውን አይቶ በዚህ መንገድ (የ2ን ርቢ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ በማጠፍና 1 በመደመር) የሚቀጥሉት ሁሉ ፕራይም ናቸው ብሎ ገመተ። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 641ን አውጥቶ ግምቱን አፈረሰው።

ጀማሪ ኮደር፦
እሺ፣ ግን 641 በእጅ እንዴት ይገኛል? ዳግም ዘሩ 65536 አካባቢ ነው፣ እስከዛ 6542 ፕራይም አለ። ዕድሜዬ አይበቃም።

የሒሳብ ሱሰኛ፦
ሁሉንም ማን ሞክር አለህ? የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋዮች በሙሉ ለ64 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው። እንደዛ የሆኑትን ፕራይሞች ብቻ ስትደረድር 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ይመጣሉ። አምስተኛው ላይ ተያዘ።
ሌላም አለ። ቁጥሩ የ65536 እና የ1 ካሬዎች ድምር ነው፣ የ62264 እና የ20449 ካሬዎች ድምርም ነው። በሁለት የተለያየ መንገድ የሁለት ካሬዎች ድምር የሚሆን ቁጥር ፕራይም ሊሆን አይችልም። እኔ ከ641 ይልቅ ይሄኛውን እወደዋለሁ።

ባግ ፈላጊ፦
ኮድህ አልተበላሸም፣ 2ን መምረጥህ ነው የጎዳህ። 2 በ32 ርቢ ከቁጥሩ በ1 ብቻ ስለሚያንስ እንደ −1 ቁጠረው፣ በ64 ርቢ እንግዲህ 1 ይሆናል። አንተ የተጠቀምክበት ርቢ 4294967296 ነው፣ እሱ ደግሞ ለ64 ያለቀሪ ይካፈላል። 1 ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ። በ2 ፋንታ 3 አድርገህ ሞክረው። ኢንቲጀርህንም እይ፣ ምልክት የሌለው 32 ቢት ከሆነ እስከ 4294967295 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ያንተ ቁጥር ዞሮ 1 ሆኖ ነው የሚገባው።

ጀማሪ ኮደር፦
64 ቢት ነው። 3 አድርጌ ራን አደረግኩት፣ 1 አልመጣም። አሁን የጨነቀኝ ለጓደኛዬ እንዴት እንደምነግረው ነው።