ጥሬ ዓሣ በሎሚ ለምረቃ ድግስ፦ ይቅረብ ወይስ ይቅር?

አባይ ማዶ፦
ሰላም ጎጃሞች። እህቴ ሰኔ መጨረሻ ባሕር ዳር ትመረቃለች። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ነው የሚፈታው፤ ስለዚህ በግም ዶሮም የለም። እናቴ ሽሮና ምስር አስባ ነበር። እኔ ደግሞ ከዋናው ማዕድ በፊት የምትቀመስ ነገር ልሥራ ብዬ የሜክሲኮዎቹን ሴቪቼ መረጥሁ። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ) በጥቃቅኑ ይከተፍና ሎሚ ተጨምቆበት እስኪነጣ ይቆያል፤ ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠልና አቮካዶ ይገባበታል። የሚበላው በተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ ነው። እሳት የሚባል አያይም። የአጎቴ ልጅም ከአዲስ አበባ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው፣ ዓሣ አይደለም) ይዞ ሊመጣ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ጥሬ ዓሣ? በእኔ ቤት?» ብላ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀረች። ስልሳ እንግዳ ተጠርቷል። ምን ትላላችሁ?

ቁርጥ ወዳድ፦
ይቅረብ እንጂ! ቁርጥ በሚጥሚጣ ሲውጥ የሚውል ሕዝብ ዓሣ ላይ ሲደርስ ምን አስፈራው? ሎሚው እኮ ራሱ ያበስለዋል፤ ሲነጣ በዓይንህ ታየዋለህ። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ጥሬውን በአዋዜ ሲበሉት አይቻለሁ፤ ማንም አልሞተም።

ነርሷ፦
ቁርጥ የበላውም ኮሶ የጠጣውም ያው አንድ ሕዝብ ነው ወንድሜ፤ ትሉና መድኃኒቱ አንድ ስም የያዙት በከንቱ መሰለህ? ሎሚ ዓሣ ያነጣል እንጂ አያበስልም። አሲዱ የሥጋውን ፕሮቲን ይለውጠዋል፤ ውስጡ ያለ ትል ግን አይሞትም። ሜክሲኮ ውስጥ ራሱ ናቶስቶማ የሚሉት ትል አለ፤ ሰው ቆዳ ሥር እየዞረ ያሳብጣል። እዚያ አገር ከ1970 ጀምሮ ተመዝግቧል፣ ሰዉም በብዛት የሚይዘው ከወንዝና ከሐይቅ ዓሣ በተሠራ ሴቪቼ ነው። ጥሬ የሚበላ ዓሣ ቢያንስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን መቆየት አለበት ይባላል። የእኛ ቤት ፍሪጅ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር የሚያለቅስ ነው።

ቁርጥ ወዳድ፦
እሺ፣ ያ ትል ጣና ውስጥ ታይቷል?

ነርሷ፦
ጣና ውስጥ አለ አላልሁም። ግን ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጥ፤ ከሆድ ዕቃው ክር የመሰለ ነገር ሲወጣ ታያለህ። ትሉ እንኳ ባይኖር የከተማው ፍሳሽ የት የሚገባ ይመስልሃል? ስልሳ ሰው፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች ያሉበት ድግስ ነው። ብቻህን ስትበላ የፈለግኸውን አድርግ።

የደጀ ሰላም ልጅ፦
እኔ የገረመኝ ሽሪምፑ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ስለሆነ እሱን ልለፈው፤ በየቤቱ የየራሱ አቋም አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን 11 ግን ከውኃ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው ይላል። ቅርፊት የለውም ተብሎ አምባዛ እንኳ በስንቱ ቤት አይገባም። እንግዳው ሳያውቅ ሽሪምፕ ማብላት ነውር ነው።

የመራዊ በቆሎ፦
ከፍ ብሎ የተጻፈውን ሳነብ «የባዕድ ምግብ» የሚል አለመኖሩ ደስ አለኝ፤ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር 😄 በቆሎውም ቃሪያውም ቲማቲሙም አቮካዶውም መነሻቸው ከዚያው ወገን ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የእኛ የበቆሎ ዱቄት እንደ እነሱ ቂጣ ተለጥጦ አይያዝም። እነሱ በቆሎውን በኖራ ውኃ ቀቅለው ነው የሚፈጩት፤ ለዚያ ነው የማይፈረካከሰው። አንተ ግማሽ የስንዴ ዱቄት ቀላቅለህ አሳስተህ ጋግረው፣ ከዚያ በዘይት ጥበሰው።

እታለም፦
ልጄ፣ እኔ ዓሣ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጥሬውን ተወው። ቆሮሶውን አውራ ጣት አክለህ ክተፈው፣ ጨው ያለበት የፈላ ውኃ ውስጥ ጨምረህ በማንኪያ ስትነካው ተቆራርሶ እስኪለቅ አብስለው። ለብለብ አይሆንም፤ መሀሉ የመስታወት መልክ ካለው መልሰው። አውጥተህ ወዲያው በረዶ ውኃ ውስጥ አቀዝቅዘህ አጠንፍፈው። ሎሚውን ልታቀርብ ስትል ጭመቅበት፤ አስቀድመህ ካጠጣኸው እንደ ጎማ ይሆናል። ሽንኩርቱን በጨው አሽተህ እጠበው። ነጭ ዓሣ የሚሉትን የጣና ዓሣ ደግሞ እንዳትገዛ፤ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣበት ጊዜ ነው፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው ነው የሚጨርሱት።

ቁርጥ ወዳድ፦
እርስዎ ካሉ እሺ እታለም። ግን ከፈላማ ሴቪቼነቱ ቀረ፣ የዓሣ ሰላጣ በሉት።

አባይ ማዶ፦
ስሙን አንተ አውጣለት። ትናንት በእታለም አሠራር ሁለት ቆሮሶ ሞከርሁ። እናቴ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች፣ ደገመች፣ ከዚያ «ይኼ ቲማቲም ፍትፍት አይደል እንዴ? እንጀራው የታለ?» አለች። ስለዚህ በቂጣም በእንጀራም ይቀርባል። ሽሪምፑ ቀርቷል፤ የአጎቴ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሳም።