እናቴ ጀበናውን ስታይ ሲኒው ይጠፋባታል፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው ተብለናል

የበኩር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ከ4 ወር በፊት ስትሮክ መታት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትናገራለች፣ ትራመዳለች። እይታዋ ግን ግራ አጋብቶናል። ባለፈው እሁድ ቡና ላፍላ ብላ ረከቦቱ ፊት ተቀመጠች። ጀበናውን አነሳች። «ሲኒዎቹን የት አደረግሽብኝ?» አለችኝ። ስድስቱም ፊቷ ተደርድረዋል። ጣቴን አንዱ ላይ ሳሳርፍ «እ፣ ይኸው!» አለች። ወዲያው ደግሞ «ጀበናው የት ሄደ?» በእጇ ይዛዋለች።

የዓይን ሐኪሙ ዓይኗ ደህና ነው አሉን። ሌላ ቦታ ያየናቸው ባለሙያ «እርጅና ነው» ብለው ሸኙን። አይደለም። እናቴን አውቃታለሁ። ዓይን ካየ፣ አእምሮም ካልሳተ፣ መሃል ላይ የሚበላሸው ምንድን ነው?

የነርቭ ሳይንስ ተማሪ፦
አይዞሽ እህቴ። ጥያቄሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው።

የዓይን መልእክት ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ንብርብር) ሲደርስ መጀመሪያ የሚያርፈው ከጭንቅላታችን ኋላ ነው። እዚያ ያለ አንድ ሴል ጀበና አያውቅም። የሚያየው ጠባብ ቁራሽ ብቻ ነው፤ በዚያችም ውስጥ የሚነቃው በተወሰነ አቅጣጫ ላዘነበለ መስመር ነው። ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል የሚባሉ የነርቭ ሳይንቲስቶች ይህን ያገኙት ድመት ላይ ሲሠሩ ነው። ነጥብ ቢያሳዩት ሴሉ ዝም። የመስታወት ስላይዱን ሲገፉ የጠርዙ ጥላ እንደ መስመር አለፈ፤ ሴሉ እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል ተሸለሙ።

እንግዲህ የጀበናው አንገት፣ ሆዱና እጀታው የተለያዩ ሴሎች ወሬ ነው። ተመሳሳይ የመስመር አቅጣጫ የሚወዱ ሴሎች ጎን ለጎን ተሳስረዋል፤ የተቆራረጠው ጠርዝ አንድ መስመር የሚሆነው በዚህ ነው። ከዚያ መልእክቱ ይከፈላል። አንዱ መንገድ በጆሮ በኩል ወርዶ «ምንድን ነው?» ይላል። ሌላው ወደ አናት ወጥቶ «የት ነው?» ይላል። ከላይ ወደ ኋላ የሚመለስም ብዙ መስመር አለ፤ «እዚህ ጋ ደግመህ እይ» እንደማለት።

እናትሽ ጀበናን ጀበና ካለች፣ የታችኛው መንገድ እየሠራ ይመስላል። የላይኛው በሁለቱም የአንጎል ወገን ሲጎዳ ግን ነገሮች በየቦታቸው አብረው አይቆዩም። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይጠፋል። ሬዦ ባሊንት የሚባል የሃንጋሪ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 እንዲህ ያለ በሽተኛ ገልጿል። እናትሽን ስላላየኋት ይህ ነው ልልሽ አልችልም። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ውሰዷትና «ባሊንት ሲንድረም ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ። እሁድ ያየሽውንም ልክ እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው።

አባቷን ያስታመመች፦
አባቴም እንዲሁ ነበር። እኛን የረዳን ዕቃ መቀነስ ነው። ነጭ ሲኒ በነጭ ጨርቅ ላይ አታድርጊ። የዕቃ ቦታ አትቀያይሪ። ሲጠፋባት «ይኸው እኮ!» እያልሽ አትጩኺባት፤ እጇን ይዘሽ ምሪያት። ትኩስ ነገር ብቻዋን እንዳትነካ፣ አደራ።

የበኩር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሞከርነው። ቄጤማውን፣ ስኳሩን፣ ማንኪያውን ሁሉ አነሳሁ። ጥቁር ጨርቅ ላይ አንድ ነጭ ሲኒ ብቻ። ጀበናው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩ። ግራ እጇን ሲኒው ላይ አሳረፍኩላት፤ ጣቷን ከአፉ ሳታነሳ በቀኟ ቀዳች። ትንሽ ፈሰሰ። «ሁለተኛውን አምጪ» አለችኝ።

የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ለማክሰኞ ይዘናል።