በመናፈሻችን የበዙትን አይጦች ያለ መርዝ እንዴት እንቀንሳቸው?

ጥያቄ (የደሴ ነዋሪ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ? በደሴ ከተማ የሰፈራችንን አነስተኛ መናፈሻ በሚንከባከበው የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ አባል ነኝ። ካለፈው መኸር ወዲህ አይጦች በዝተው የአበባ መደቦቹን ከሥር እየቦረቦሩ፣ የችግኞቹን ልጣጭ እየጋጡና ሲመሽ በቆሻሻ ገንዳው ዙሪያ እየተርመሰመሱ አስቸግረውናል። ከኮሚቴው አባላት የሚበዙት መርዝ ከገበያ ገዝተን በየጉድጓዱ እንጨምር ይላሉ። እኔ ግን በዚያው ሣር ላይ ሕፃናት ስለሚጫወቱ፣ የሰፈሩ ድመቶችና ውሾች ስለሚዘዋወሩበት፣ ከዛፎቹም በአንዱ ላይ ጉጉት ስለምታድር ነገሩ ከብዶኛል። አይጥም ቢሆን ለቀናት እየተሠቃየ ቢሞት ደስ አይለኝም። ለኮሚቴው ላቀርበው የምችል የተሻለ መንገድ ካለ እንድታመለክቱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ከኮምቦልቻ)፦
ሥጋትዎ ተገቢ ነው። እንደ ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን ያሉት መርዞች ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ፣ የበላው አይጥ ወዲያው ሳይሞት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ለውስጥ እየደማ ይዳከማል። በእነዚያ ቀናት ፈዝዞ ወደ ሜዳ ስለሚወጣ ለጉጉት፣ ለጭልፊትና ለድመት ቀላል ሲሳይ ይሆናል፤ መርዙም በጉበት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ የሚበላው አዳኝ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅመዋል። በኒው ዮርክ ከተማ ከእንስሳት ማቆያ አምልጦ አንድ ዓመት ያህል በነፃነት የኖረው ፍላኮ የተባለው ጉጉት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2024 መጀመሪያ ላይ ሲሞት፣ ከርግብ ከያዘው ከባድ የቫይረስ በሽታ ሌላ አራት ዓይነት እንዲህ ያሉ መርዞች በሰውነቱ ውስጥ ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት የከተማዋ ምክር ቤት የአይጦችን መራባት የሚገታ መኖ በሙከራ እንዲቀርብ የሚያዝ ሕግ አውጥቷል። ለአንድ ሰፈር መናፈሻ ግን ይህን መኖ ያለማቋረጥ ማቅረብ የሚቻል አይመስለኝም።

ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ደግሞ የባሰ ነው። ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ለፊተኞቹ ቫይታሚን ኬ1 ማርከሻ ሲሆን ለዚህኛው ግን ማርከሻ የለውም። ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ መበተኑን ፈጽሞ አልደግፍም።

መልስ (የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ከሐይቅ)፦
ከሁሉ በፊት አይጦቹን ለዩ። በቀን በሣሩ መካከል በቀጫጭን መንገዶች የሚሯሯጡት፣ ሰው ሲቀርብ ቶሎ ጉድጓዳቸው የሚገቡት የሣር አይጦች ሊሆኑ ይችላሉ። በደጋው ከሚኖሩት ከእነዚህ መካከል ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ዝርያ አለ፤ በቦረና ሳይንት ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮም በሕይወት የሚቆየው እንዲህ ያሉትን የዱር አይጦች እየበላ ነው። ችግኙን በሽቦ ወንፊት ከልላችሁ እነርሱን ብትተዋቸው ጉጉቷም ምግብ አታጣም። ማታ ገንዳውን የሚወርሩት ግን የቤት አይጦች ናቸው፤ ሥራው መጀመር ያለበትም ከገንዳው ነው።

አይጥ የሚበዛው ምግብ በተገኘበት መጠን ነውና፣ ምግቡ ሳይነሣ መቶ ብትገድሉ ጥቂት ወራት ሳይሞላ ቦታቸው ይተካል፤ አንዲት እናት ከ3 ሳምንት እርግዝና በኋላ ብዙ ልጆች በአንዴ ትወልዳለች። ገንዳው ክዳን ይኑረው፤ ሳይመሽም ይነሣ። በመናፈሻው ቡና የሚያፈሉ እናቶችንም ፈንድሻውንና ቆሎውን ከምንጣፉ ላይ ሰብስበው እንዲሄዱ በአክብሮት ብትነግሯቸው ይሰማሉ ብዬ አምናለሁ። በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ አንሡ፤ ትንሿ የቤት አይጥ በ6 ሚሊሜትር ክፍተት ስለምትገባ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶና በሽቦ ድፈኑ።

ከዚህ በኋላ የቀሩት ካሉ፣ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ወጥመድ አንገቱን መትቶ ወዲያው ስለሚገድል ከመርዝ ይልቅ ርኅራኄ አለበት። ወጥመዱ የሕፃን እጅና ወፍ በማይገባበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። አይጥ አዲስ ነገር ይፈራልና ለጥቂት ቀናት ሳይወጠር የለውዝ ቅቤ ተቀብቶ ይቆይ፤ ከዚያ ይወጠር፤ ጠዋት ጠዋትም ይታይ። ሙጫ የተቀባ ሰሌዳ ግን አትጠቀሙ፤ እንስሳው ተጣብቆ ለሰዓታት ይሠቃያል። እንግሊዝም ከ2024 ወዲህ ተራ ሰው እንዳይጠቀምበት ከልክላለች።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የኮሚቴ አባላችን በሽቦ ቀፎ ከነሕይወታቸው ይዘን ጦሳ ተራራ ላይ እንልቀቃቸው ብለዋል። ይህስ እንዴት ይታያል?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ከኮምቦልቻ)፦
አሳቡ መልካም ቢሆንም አልመክርም። በማያውቀው ቦታ የተለቀቀ የቤት አይጥ መጠለያውንና ምግቡን ስለማያውቅ አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ የተረፈውም በአቅራቢያው ወዳለው ገበሬ ጎተራ ይገባል፤ በሽንቱ የሚተላለፉ በሽታዎችንም ይዞ ይሄዳል። በቀፎ የተያዘውን ውኃ ውስጥ መድፈቅም ጭካኔ ነው።

መልስ (የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ከሐይቅ)፦
ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። ዝናብ ካበቃና እህል ካሸተ በኋላ መራባታቸው ስለሚያይል፣ ያን ጊዜ እናቲቱን ብትገድሉ ግልገሎቹ ጉድጓድ ውስጥ በረኃብ ያልቃሉ። ስለዚህ ወጥመዱን በደረቁ ወቅት፣ ምግብ ሲያጥራቸውና ቁጥራቸው ሲያንስ አድርጉት። ጉድጓድ ከመድፈናችሁ በፊት አፉን በላላ አፈር ወይም በተጨማደደ ወረቀት ዘግታችሁ ለሁለት ለሦስት ቀን ተከታተሉ፤ ከተከፈተ ውስጡ አይጥ አለና አትድፈኑት፤ እንደተዘጋ ከቆየ ግን አፈሩን ጠቅጥቃችሁ ሣር ትከሉበት።