ለፍራሽ ሳሎን የትኛው ቋሚ ስፒከር ይሻላል? ሶኒ፣ ፖልክ ወይስ ክሊፕሽ

ጥያቄ፣ ከደሴ (ሆጤ)

ሰላም ለሁላችሁም። ቤታችን ሙዚቃ የሚሰማው በቴሌቪዥኑ ሥር ባለች ሳውንድባር ነው። አባቴ መንዙማና ማሲንቆ ይወዳል፣ እኔ ደግሞ የ60ዎቹን ባንዶች። ሳውንድባሯ ላይ ድቤው፣ ጭብጨባውና የተቀባዮቹ ድምፅ ይደበላለቃል። አባቴ ግጥሙ አልሰማ ሲለው ይጨምረዋል፣ ያኔ ደግሞ ጆሮ ይበሳል።

የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሊመጣ ስለሆነ አንድ ጥንድ ቋሚ ስፒከር (ወለል ላይ የሚቆመውን ረጅሙን) ላምጣልሽ ብሎኛል። አቅሜ ከሚደርስባቸው ውስጥ ሦስት መረጥኩ፦ ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ3፣ ፖልክ ቲ50 እና ክሊፕሽ አር-620ኤፍ። ፖልኩ ረከስ፣ ክሊፕሹ ወደድ ይላል። አምፕሊፋየር ገና አልገዛሁም። ሳሎኑ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። ሶፋ የለንም፣ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ መጅሊስ ነው የተነጠፈው። አንዱ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ ቤት የሚያናውጥ ቤዝ አልፈልግም። ድምፁ ተለይቶ፣ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነው የምፈልገው። የቱን ልዘዘው?

መልስ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እንይ፤ ከፊት የሚታየው ያሳስታል። ፖልክ ቲ50 ላይ ሦስት ትልልቅ ክብ ታያለሽ፣ ከአምፕሊፋየሩ ኃይል የሚደርሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ማግኔትም ኮይልም የላቸውም፤ የሚነቃነቁት ሳጥኑ ውስጥ ባለው የአየር ግፊት ነው። ቤዝ ለማውረድ የታወቀ ዘዴ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ብቻ «ሦስት ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክብ) አለው» ብሎ የሚሸጥልሽን አትመኚ። ሶኒው ሁለት 13 ሳንቲ ሜትር ዉፈር፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትዊተርና ከዚያም የቀጠነውን የምታወጣ አንዲት ትንሽ ሱፐር ትዊተር አለው። ክሊፕሹ ሁለት 16.5 ሳንቲ ሜትር ዉፈር ሲኖረው፣ ትዊተሩ እንደ ጡሩምባ አፍ በሰፋ ሆርን ውስጥ ነው የተቀመጠው።

ቀጥሎ ሴንሲቲቪቲ የሚሉትን ተመልከቺ፤ በአንድ ዋት ገደማ፣ አንድ ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይወጣል ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ ለክሊፕሹ 96፣ ለፖልኩ 90፣ ለሶኒው 88 ይላሉ። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈለገው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ክሊፕሹ በ10 ዋት የሚያወጣውን ሶኒው ለማውጣት ከ60 ዋት በላይ ይፈልጋል። ለሰርግ አዳራሽ ቢሆን ይህ ልዩነት ወሳኝ ነበር። አንቺ ክፍል ግን 2 ሜትር ተኩል ላይ ለተቀመጠ ሰው ጥንድ ሶኒ በያንዳንዱ አንድ አንድ ዋት ብቻ እንኳ ከ80 ዴሲቤል በላይ ይሰጣል። ከዚያ ብዙ ካለፍሽ ጎረቤት ይመጣብሻል። ዋት አያስጨንቅሽ። ካርቶን ላይ ፒኤምፒኦ ተብሎ የሚጻፈውን የሺህ ዋት ቁጥርማ ጨርሶ እርሺው፤ የሚታየው አርኤምኤስ፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠው ትክክለኛ ኃይል ነው።

መልስ፣ ከደሴ (ሸዋ በር)

እኔ ቤት ያለው ክሊፕሹ ነው፣ ስለ እሱ ልመስክር። ድቤ ሲመታ እጅ ቆዳውን የነካበት ቅጽበት ይለያል፤ መዳፍ ይሁን ጣት ታውቂዋለሽ። ትራምፔትና ሳክስፎንም ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። ድምፁ ዝግ ብሎ እንኳ ሕይወት አለው፣ ይህን ሌላ ስፒከር ላይ አላገኘሁም።

ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ ሴራሚክና ባዶ ግድግዳ ካለ «ስ» እና «ሽ» የሚሉ ፊደላት ሹል ይሆናሉ። እኔ ወፍራም ምንጣፍ ካነጠፍኩ በኋላ ነው የረገበው። ሁለተኛ፣ የቤዝ ቀዳዳው ከኋላ ስለሆነ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ድምፁ ይጎረብጣል። የኔ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ወደፊት ወጥቶ ነው የቆመው። 3 ሜትር ተኩል ክፍል ውስጥ ያን ያህል ቦታ መልቀቅ ትችያለሽ ወይ? ካልቻልሽ ለክሊፕሹ ጠበብ ይላል።

መልስ፣ ከደሴ (ቧንቧ ውሃ)

ልጄ፣ ዋናው ነገር አልተነሳም፤ ፍራሽ ላይ ነው የምትቀመጡት። እነዚህ ስፒከሮች የተሠሩት ሶፋና ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ወንበር ላይ ያለ ሰው ጆሮው ከወለል 95 ሳንቲ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ላይ ይሆናል። ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ወደ 80 ይወርዳል። ትዊተር ደግሞ ድምፁን እንደ ባትሪ ብርሃን ወደፊት ነው የሚወረውረው፤ ከጆሮ በላይ ካለፈ ጥርት የሚለው ድምፅ ግድግዳ መትቶ ነው የሚመለስላችሁ። አባትሽ ግጥሙ አልሰማ የሚለው እንዲህ ባለው ምክንያትም ሊሆን ይችላል፤ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ሳውንድባር ምን ያህል ከፍ ብላ እንደተቀመጠች እዪው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሜትር ያዢና አባትሽ እንደለመደው ተደግፎ ሳለ ጆሮውን ከወለል ለኪ። ሶኒው ቁመቱ 92 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ትዊተሩ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ይላል። ክሊፕሹ አንድ ሜትር ይደርሳል። ለመጅሊስ አጠር ያለው ይሻላል። ትንሽ ከበለጠም ከኋላ እግሩ ሥር ስስ እንጨት አድርጊና ወደፊት በጥቂቱ አዘንብዪው። ሕፃን የሚሮጥበት ቤት ከሆነ ግን ይህን አታድርጊ፣ ይወድቃል።

መጅሊሱ ሌላ ጥቅምም አለው። በሦስት ግድግዳ የተደረደረው ፍራሽና ትራስ ወደ ጎን የሚሄደውን ቀጭን ድምፅ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ሴራሚኩ ያን ያህል አያስፈራኝም። መሀል ወለሉ ላይ ምንጣፍ ከጣልሽበት በቂ ነው። ቤዝ ግን በፍራሽ አይዋጥም፣ እሱን ቦታ በመምረጥ ነው የምታስተካክዪው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

እኔ እንዲያውም ለ14 ካሬ ክፍል ቋሚ ስፒከር አልገዛም። የዚሁ የሶኒ ታናሽ ኤስኤስ-ሲኤስ5 አለልሽ፤ ሁለቱ ትዊተሮች ያሉት፣ ዉፈሩ ግን አንድ የሆነ ትንሽ ስፒከር። ለአናጺ ነግረሽ መቆሚያውን በምትፈልጊው ቁመት ታሠሪያለሽ፣ የፍራሹም ጉዳይ በዚያው አለቀ።

ሌላ ምክንያትም አለኝ። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ፣ 3 ሜትር ተኩሉ ደግሞ 49 ኸርዝ አካባቢ ድምፅ ያጠራቅማል። የቤዝ ጊታሩ ታችኛ ክር እዚያው ሠፈር ነው፣ 41 ኸርዝ። ትልቅ ስፒከር ጥግ ውስጥ ከገባ አንዳንዱ ኖታ ብቻውን ይጮሃል፣ የጋራው ግድግዳም የሚያስተላልፈው እሱን ነው። ትንሹ እዚያ ድረስ በኃይል ስለማይወርድ ከጎረቤት ጋር በሰላም ትኖሪያለሽ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ለካሁት፤ አባቴ ተደግፎ ሳለ ጆሮው 82 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ክሊፕሹን ተውኩት፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ማውጣት አልችልም። ትንሹን አሰብኩበት፣ ነገር ግን ቤታችን እንግዳ አያጣም፤ ልጆች መቆሚያውን ይጥሉታል ብዬ ፈራሁ። አሁን ወደ ሶኒው ቋሚ አዘንብያለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ሶኒ ኤስቲአር-ዲኤች190 የሚባል አምፕሊፋየር ልላክልሽ ብላለች፣ ይሆናል? ሁለቱንስ ስፒከር በሻንጣ ማምጣት ይቻላል?

መልስ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

አምፕሊፋየሩ ጥሩ ነው፤ ብሉቱዝ አለው፣ ከ6 እስከ 16 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው መከላከያ መለኪያ) ይቀበላል፣ ሶኒው ስፒከር 6 ኦም ስለሆነ ይስማማል። ነገር ግን ከአሜሪካ አታስመጪው። እዚያ የሚሸጠው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የኛ መብራት 220 ነው። እንዳለ ሶኬት ላይ ከሰካሽው ያን ቀን ወደ እኛ ሱቅ ይመጣል። በትራንስፎርመር ማሠራት ይቻላል፣ ግን ሁልጊዜ የሚጮህና የሚሞቅ ተጨማሪ ብረት ቤት ውስጥ ለምን? የዱባይ መብራት ከኛ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚያው ይገዛ፤ ከጀርባው 220 ወይም 230 ቮልት የሚል መኖሩን የአጎትሽ ልጅ አንብቦ ይክፈል። ስፒከሩ ራሱ ሶኬት ላይ ስለማይሰካ ከየትም አገር ቢመጣ ችግር የለውም።

መልስ፣ ከደሴ (ፒያሳ)

ስለ ሻንጣው፦ ሶኒው አንዱ 11 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ እያንዳንዱም በየራሱ ካርቶን ይመጣል። አየር መንገዶች በአብዛኛው ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ስለሚፈቅዱ ክብደቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መጠኑ ነው፤ የካርቶኑ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን ይለካው፣ ቀረጡንም አስቀድሞ ይጠይቅ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነውና አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ ከሥር፣ ቆሞ፣ በራሱ ካርቶን ይምጣ።

ጠያቂዋ

በቃ ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ3፣ አምፕሊፋየሩም ከዱባይ። ሲመጣ ማን እንደሚገጥመው ነው የቀረኝ።

መልስ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ራስሽ ትገጥሚዋለሽ፣ አብሽሪ። ውድ ገመድ አያስፈልግሽም፤ ከ5 ሜትር ለማይበልጥ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ለስላሳ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ይግባ። የሽቦው ቀለም አንድ ዓይነት ሆኖ ከተምታታብሽ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ሳታስገቢው በፊት ጫፉን በ1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ለቅጽበት ነካ አድርጊው፤ ዉፈሩ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ የቀዩ ነው። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ መሀል መቆም ሲገባው ይበተናል።

በጋራው ግድግዳ በኩል አታቁሚያቸው። ከጥግ ቢያንስ 50፣ ከኋላ ግድግዳ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ በመካከላቸው 2 ሜትር ይኑር፣ ፊታቸው ወደ አባትሽ ትንሽ ይዙር። ከዚያ የሚያውቀውን መንዙማ ክፈቺና አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር እያንቀሳቀስሽ ግጥሙ የቱ ጋ እንደሚጠራ እሱ ይፍረድ። አምፕሊፋየሩን በስታቢላይዘር አድርጊው፤ መብራት ሲሄድም ከሶኬት ንቀዪው፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ መልሰሽ ሰኪው።