ሞሽንጌት ዱባይ ወይስ ዋርነር ብራዘርስ አቡዳቢ? ከደሴ ለሚመጡ ልጆች የቱ ይሻላል?

የደሴዋ_በሻርጃ፦
ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። እህቴ ኢንሻአላህ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከነልጆቿ ከደሴ እኔ ጋ ልትመጣ ነው፣ እናታችንም አብራ ትመጣለች። ልጆቹ ሦስት ናቸው፣ ትልቁ 14 ሞልቶታል፣ መሀለኛዋ 9፣ ትንሹ 5 ነው። ያው እዚህ ሰው ሲመጣ ሞልና ቡርጅ ኸሊፋን አሳይተን ነው ምንመልሰው፣ ለነዚህ ግን አንድ ቀን ሙሉ የነሱ ብቻ የሆነ ቀን ልሰጣቸው እፈልጋለሁ፣ ካርቱን አይተው ሚጠግቡ ልጆች አይደሉም ወላሂ። ብሬ ሚበቃው ለአንድ ፓርክ ብቻ ነው። አንዱ ዱባይ ፓርክስ ውስጥ ያለው ሞሽንጌት ነው፣ ሌላኛው አቡዳቢ ያስ አይላንድ ላይ ያለው ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ። ቪዲዮ ሳይ ሁለቱም ያምራሉ፣ ግን ቪዲዮ ላይ ምኑ አያምርም? የሄዳችሁ ንገሩኝ። በተለይ ሙቀቱ ያስፈራኛል፣ የጦሳ ተራራን ብርድ የለመደ ልጅ ሐምሌ ላይ ዱባይ ፀሐይ ውስጥ ሰልፍ ማስያዝ ግፍ ነው። እናቴ ደሞ ጉልበቷን ያማታል፣ ምንም ነገር ላይ አትወጣም፣ ተቀምጣ ልጆቹን ምታይበት ቦታ ካለ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሙሰፋህ_ያለሁት፦
ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ቤተሰብ ሲመጣ እኮ ነው እዚህ አገር ኑሮ ሚመስለው። እኔ ምሰራባቸው ሰዎች ልጆቻቸውን አስይዘው ስለሚልኩኝ ዋርነርን በደንብ ነው ማውቀው። ያለጥርጥር እሱ ነው። አንደኛ ነገር ሙሉ በሙሉ ጣራ ስር ነው፣ በሩን አልፈሽ ከገባሽ እስክትወጪ ድረስ ፀሐይ ሚባል አታዪም፣ ኤሲው ራሱ እንዳውም ለትንሹ ስስ ሹራብ ያዢለት። በፈረንጆቹ 2018 ሐምሌ ነው የተከፈተው፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር የወጣበት ነው፣ ስድስት ሰፈር አለው። የባትማኑ ጎተም ሁሌ ማታ ነው፣ የሱፐርማኑ ሜትሮፖሊስ ግን ቀን ነው፣ ሰማዩን ጣራው ላይ ስለው በመብራት ነው ያደረጉት፣ ልጆቹ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቀኑ የመሸ ነው ሚመስላቸው። ፍሊንትስቶን ሰፈር ውስጥ በጀልባ ይሄዳሉ፣ ቶምና ጄሪ ደሞ የራሳቸው ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሚወረወር መጫወቻ) አላቸው አይብ ውስጥ እየተሽከረከረ ሚሄድ፣ ቀለል ያለ ነው ለ9 ዓመቷ ልክ ነው።

ለናትሽ ደሞ አታስቢ፣ መግቢያው ላይ ያለው አደባባይ ላይ መቀመጫ አለ፣ መስገጃም አለ፣ የካርቱኖቹን ልብስ ለብሰው ሚዞሩት ሰዎች እዛው መጥተው አብረዋቸው ፎቶ ይነሳሉ፣ ትርኢትም አለ። ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆዩ እንኳ አይታወቃቸውም። ጠቅላላ ጨዋታው 29 ነው ብለው ነው የከፈቱት፣ ግማሹ ለትናንሾች ይሆናል።

ሐይቅ_ዳር_ያደገ፦
ሙሰፋህ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው ግን የ14 ዓመቱን ልጅ ረስተሽዋል እኮ። እኔ ዱባይ ነኝ፣ ሮለር ኮስተር ነፍሴ ነው፣ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ዋርነር ላይ ትልልቆቹ ስም ያላቸው ነገሮች፣ ባትማኑ፣ ሱፐርማኑ፣ ግሪን ላንተርኑ፣ ዋናው ነገራቸው ስክሪን ነው። ወንበሩ ይነቃነቃል፣ ስክሪኑ ይሮጣል፣ ንፋስ ይመታሃል፣ ከዛ ያልቃል። ሱፐርማኑ ጭራሽ ዙሪያውን ስክሪን በሆነ አዳራሽ ውስጥ ማየት ነው። ጥሩ አይደለም አላልኩም፣ ግን 14 ዓመት የሞላው ልጅ ሰውነቱ እውነት እንዲወረወር ነው ሚፈልገው፣ በዛ ላይ ስክሪን አይቶ ሚያዞረውም ሰው አለ፣ ከመኪና ጋር ሚጣላ ልጅ ካላችሁ አስቡበት።

ሞሽንጌት እንደሱ አይደለም። በፈረንጆቹ 2016 ታህሳስ የተከፈተ ነው፣ የሦስት ፊልም ድርጅት ዕቃ ነው በአንድ ግቢ ያስገቡት፣ ድሪምወርክስ፣ ኮሎምቢያና ላየንስጌት፣ ሲደመር የስመርፎቹ መንደር አለ። ግሪን ሆርኔት ሚባለው ኮስተር አለ፣ ካፒቶል ቡሌት ትሬን አለ፣ ዞምቢላንድ ደሞ ወደ ላይ አውጥቶ ሚለቅህ ማማ ነው። በ2021 ላይ ሁለት አዲስ ኮስተር ጨመሩ፣ አንዱ የጆን ዊክ ፊልም ነው፣ ወንበሩ ራሱ ከሐዲዱ ውጪ ጎንና ጎን ተንጠልጥሎ ይገለባበጣል፣ ስትወርድ እግርህ የራስህ አይመስልህም! አንድ ልጅ ወደ ደሴ ተመልሶ ለጓደኞቹ ሚያወራው ይሄን ነው እንጂ ስክሪን አየሁ ብሎ አይደለም።

ሙሰፋህ_ያለሁት፦
ወንድሜ እሺ፣ ሐምሌ ላይ ግን ጆን ዊክ ውጪ ነው አይደል ያለው? ሰልፉስ? አያቷና የ5 ዓመቱ ልጅ የት ሆነው ነው ሚጠብቁህ?

ሐይቅ_ዳር_ያደገ፦
እውነት ነው ትላልቆቹ ውጪ ናቸው። ግን የድሪምወርክሱ ክፍል ሙሉውን ቤት ውስጥ ነው፣ ሽሬክ፣ ኩንግ ፉ ፓንዳ፣ ማዳጋስካርና የድራጎኖቹ ሁሉም አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ኤሲ ባለው ነው። የማዳጋስካሩ ኮስተር ጨለማ ውስጥ ሚወረወር ነው፣ የድራጎኑ ደሞ እግርህ ተንጠልጥሎ በደሴቲቱ ላይ ያበርርሃል፣ እሱን እኔ በጣም ነው ምወደው። ቀን ቀን እዛ ውስጥ ቆይተው ውጪ ያለውን ፀሐይ ሲበርድ መውጣት ነው። ግን ልክ ነሽ ለናትየዋ ዋርነር ይሻላል፣ ይሄን አልከራከርም።

ፒያሳ_ፊልም_ጫኝ፦
እኔ ደሴ ነኝ፣ ፓርኮቹን በአካል አላየኋቸውም፣ ግን ፊልም በፍላሽ ምጭን ስለሆነ የኛ ሰፈር ልጆች ምን እንደሚያዩ አውቃለሁና በዛ በኩል ልናገር። እህቴ ፓርክ ከመምረጥሽ በፊት ልጆቹን ደውለሽ ማንን እንደሚያውቁ ጠይቂያቸው፣ ምክንያቱም የፊልም ፓርክ ከተራ መጫወቻ ሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ማታውቂው ገፀ ባህሪ ቤት ውስጥ ብትገቢ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። እዚህ ትናንሾቹ ቶምና ጄሪን ሁሉም ያውቋቸዋል፣ ወሬ ስለሌለው ቋንቋ አያስፈልገውም፣ ዲሽ ያለው ቤት ደሞ ኤምቢሲ 3ን ከፍቶ በዓረብኛ ነው ሚያሳድጋቸው። ኩንግ ፉ ፓንዳንም እንደዛው፣ በትርጉም አማርኛም አይተውታል። ፍሊንትስቶንን ግን አንድም ልጅ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ከ1960 ጀምሮ የነበረ ካርቱን ነው፣ የዛሬ ልጅ የት አግኝቶት። ከሞሽንጌት በኩል ደሞ ግሪን ሆርኔትን ማን ያውቃል? እሱ ላይ ኮስተሩ ጥሩ ስለሆነ ነው ሚሄደው እንጂ ፊልሙን ብሎ አይደለም።

ሌላው ልዩነት፣ ዋርነር ያለው ሁሉ የአንድ ቤት ነው፣ ባትማንም ስኩቢ ዱም ቶምና ጄሪም የዋርነር ንብረት ናቸው፣ ስለዚ ፓርኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰው የሠራው ይመስላል ይላሉ የሄዱት። ሞሽንጌት የተከራየውን ስም ሰብስቦ ነው የተሠራው። እዛው ግቢ ጎን የቦሊዉድ ፓርክም ነበረ፣ የህንድ ፊልም ለሚወዱ እናቶቻችን እሱ ነበር ቦታው፣ በ2023 ተዘጋ እንጂ። አሁን ቦታው ላይ የሪያል ማድሪድ ፓርክ ነው ያለው፣ ለ14 ዓመቱ ኳስ ሚወድ ከሆነ ይነገረው።

የደሴዋ_በሻርጃ፦
ኧረ አላህ ይስጣችሁ እንዴት ያለ ምክር ነው። ቅድም ደውዬ ጠየኳቸው፣ ትንሹ ቶምና ጄሪ አለ፣ ሴቷ ድራጎኖቹን አለች (ሐይቅ ዳር እሷ አንተን ነው ምትመስለው)፣ ትልቁ ደሞ "ሃሪ ፖተር የለም እንዴ" አለኝ። አለ?

ወልድያ_ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ አሜሪካ ነኝ ሃሪ ፖተሩን እኔ ልመልስ። እዛ ያስ አይላንድ ላይ ሃሪ ፖተር ሊሠሩ እንደሆነ በ2022 ተናግረዋል፣ ዋናው ግን እዚህ ኦርላንዶ ነው። የሱ ታሪክ ደሞ ለዚህ ለጠየቅሽው ነገር ራሱ መልስ ይሆናል። እዚህ ሁለቱ ባላንጣዎች ዲዝኒና ዩኒቨርሳል ናቸው። ዲዝኒ በ1955 ካሊፎርኒያ ጀመረ፣ በ1971 ኦርላንዶ ገባ፣ ዩኒቨርሳል መጀመሪያ ስቱዲዮውን በመኪና እያዞረ ማሳየት ነበር ሥራው ከ1964 ጀምሮ፣ ኦርላንዶ ላይ በ1990 ከፈተ። ለብዙ ዓመት ሰው ለዲዝኒ መጥቶ ጊዜ ከተረፈው ነበር ዩኒቨርሳል ሚሄደው። ከዛ በ2010 ሃሪ ፖተርን ከፈቱ፣ ያኔ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ጨዋታውን ብቻ አልሠሩም፣ መንደሩን ሠሩ። ሱቁ የፊልሙ ሱቅ ነው፣ መጠጡ መጽሐፉ ውስጥ ያለው መጠጥ ነው፣ ሠራተኛው ከዛ ዓለም እንደመጣ ሰው ነው ሚያናግርህ። በ2014 ደሞ ሁለቱን ፓርኮቻቸውን በባቡር አገናኙ፣ ባቡሩ ራሱ የፊልሙ ባቡር ነው፣ መስኮቱ ላይ ታሪኩ ይታይሃል፣ ስትሄድና ስትመለስ ሚታየው ይለያያል፣ ለሱ ግን የሁለቱንም ፓርክ ትኬት መግዛት ግድ ነው፣ እዛ ላይ ነው ብልጠታቸው። ዲዝኒ ዝም አላለም፣ በ2017 የአቫታሩን ፓንዶራ፣ በ2019 የስታር ዋርስን ሰፈር በዛው መንገድ ሠራ። ዩኒቨርሳል መልሶ በ2025 ግንቦት ላይ ኤፒክ ዩኒቨርስ ሚባል አዲስ ፓርክ ከፈተ።

እና እኔ ምለው፣ ስክሪን ነው ኮስተር ነው ሚለው ክርክር ትክክል ነው ግን ልጅ ሚያስታውሰው ሰፈሩን ነው። ልጆቼ ኦርላንዶ ላይ ስለወጡበት ኮስተር ሳይሆን ስለዛ ጠባብ መንገድና ስለ ሱቁ ነው እስካሁን ሚያወሩት። በዚህ መለኪያ ከሆነ የሙሰፋሟ እህታችን ያለችው፣ ማታና ቀን ያለው ጣራ ስር ያለ ከተማ፣ ልቤን ወስዶታል። ዲዝኒም እዛው ያስ ላይ ሊሠራ በ2025 ግንቦት ተፈራርሟል፣ ስለዚ የዛሬ ስንት ዓመት ልጆቹ ሲመለሱ ጥያቄሽ ሌላ ይሆናል።

ሐይቅ_ዳር_ያደገ፦
ወልድያ ጥሩ ብለሃል። እሺ እህቴ እኔም እሺ ብያለሁ፣ አምስት ዓመት ልጅና እናት ካሉበት፣ ሐምሌ ከሆነ፣ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ዋርነር ይሁን። ለትልቁ ግን የፋስት ኤንድ ፈሪየስ ኮስተሩን (የካርቱኑን የዋይል ኢ ኮዮቴን ማለቴ ነው፣ የመኪናውን ፊልም አይደለም) ቀድማችሁ ሂዱ፣ ተንጠልጥሎ ሚሄድ ነው፣ እሱ ይረካበታል። ወይ ደሞ ትልቁን ብቻ አንድ ቀን ለኔ ስጪኝ፣ ሞሽንጌት ማታ ማታ ይዤው እሄዳለሁ፣ ጦሳን በእግሩ የወጣ ልጅ ጆን ዊክን አይፈራም።

ሙሰፋህ_ያለሁት፦
አቦ ሸጋ ልጅ! በቃ ተስማማን። አሁን መንገዱን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ሚደክመው። ኢ101 ባስ ከኢብን ባቱታ ሜትሮ ተነስቶ አቡዳቢ ከተማ ውስጥ ነው ሚያወርደው፣ ያስ ደሞ ከከተማው በፊት በዱባይ በኩል ነው ያለው፣ ስለዚ አልፋችሁት ሄዳችሁ ነው ምትመለሱት፣ ከናትሽና ከሦስት ልጅ ጋር አይሆንም። የምታውቁት ሰው መኪና ካለ ቤንዚኑን ሸፍናችሁ ሂዱ። ከሻርጃ ስትነሺ ሞሽንጌትም ቢሆን ዱባይን አቋርጠሽ ጀበል ዓሊ ድረስ ነው፣ ስለዚ ዋርነር እንደሚባለው አይርቅም።

ቅዳሜና እሁድ እንዳትሄዱ፣ ከ2022 ጀምሮ የመንግሥት ዕረፍት ስለሆነ ሰው ነው ሚሞላው፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ይሁን። ከመሄዳችሁ በፊት ልጆቹን ግድግዳ ላይ አቁመሽ ቁመታቸውን ለኪ፣ እያንዳንዱ ጨዋታ በር ላይ መለኪያ አለ፣ የ5 ዓመቱ ሚከለከልበት ይኖራል፣ ቀድመሽ ድረ ገጻቸው ላይ አይተሽ ንገሪው፣ ሰልፍ ጨርሶ በር ላይ ሲመለስ ነው ልጅ ሚያለቅሰው። ምግብ ይዞ መግባት አይፈቅዱም፣ በልተው ይግቡ። ልክ በሩ ሲከፈት ግቡና በቀጥታ ወደ ውስጠኞቹ ሰፈሮች ሂዱ፣ ሰው መግቢያው አደባባይ ላይ ፎቶ ሲያነሳ እናንተ ሁለት ሦስቱን ትጨርሳላችሁ።

የደሴዋ_በሻርጃ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይር። ዋርነር ብያለሁ፣ ረቡዕ ይሆናል። ሐይቅ ዳር ያልከውን ለትልቁ እነግረዋለሁ፣ እናቱ እሺ ካለች በውስጥ ልጻፍልህ። ሙሰፋህ እህቴ፣ የዛን ቀን ኦፍ ከሆንሽ አንቺም ነይ፣ እማዬ ከደሴ ቡና ይዛ ነው ምትመጣው።